ስለ ሃያ አንደኛው ቆርኪ

ከዘጌ የጻፍህልን ልጅ፣ ጥያቄህ ደርሶናል፤
ከሎሚ ኩንታል ሥር በጀልባ መጥቶ፣ ጥጉ ረጥቦ፣ ግን ይነበባል።
«መመሪያችሁ» ትላለህ «ጣሳው ሃያ ቆርኪ ይያዝ ይላል፤
የላካችሁልንን ስንቆጥር ግን ሃያ አንድ ይሆናል።
ሁለቱ ላይ ፳ ተጽፏል።
ስሕተት ነው? ወይስ ገጽ ጎድሎናል?»

ገጽ አልጎደለህም። ልንገርህ ከመነሻው፦
መጽሐፍ የሚባል አልነበረንም፤ አንሙት ነው ጨዋታውን ያመጣው፣
አዲስ አበባ፣ አጎቱ ቤት፣ ሁለት ማታ ተጫውቶ፤
ጠንቋዩን አስታውሶ፣ ጎራዴውን አስታውሶ፣ ግማሹን ሕግ ረስቶ።
የረሳውን እኛ ሞላን፣ ሽምብጥ፣ ከነትሁኔ ጓሮ፣
መብራት በጠፋበት ክረምት፣ በሻማ፣ ከሰኔ ጀምሮ።
ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ከየት ይመጣል?
ቆርኪ ግን፣ እግዜር ይመስገን፣ ከግሮሰሪው ደጅ ሞልቷል፤
ሃያ ለቀምን። በግእዝ ቁጥር፣ በምስማር ጫርን፤
የወተት ጣሳ ውስጥ ከተን ነቀነቅን፤
ዕጣ ፈንታ ሲንኳኳ ሰማን።

ደብተሩ ባለ ሃምሳ ሉክ ነበር። ካርታውን ሳልኩ እኔ፦
ሠላሳ ሰባቱን ደሴት፤ ሠላሳ ስምንተኛዋ የኔ።
እምቦጩን የጻፈችው ትሁኔ ናት፣ ገጽ አሥራ ሁለት፦
«በየዙሩ እጥፍ ይሆናል፤ አይቆርጠውም ጎራዴ፣ አይበላውም እሳት፤
አሥር ሆናችሁ በእጅ ንቀሉት።»
አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ዓሣ ሊያወጣ ሄዶ
አረም ሲጎትት ውሎ የሚገባ፣ መረቡን ቀዶ።

ፔዳ በር ላይ ያባዛልን ይበልጣል ነው፣ ባለ ፎቶ ኮፒው።
«የምን ትምህርት ነው?» አለ። «ጂኦግራፊ» አልነው።
ገጽ በገጽ ሲያነብ አመሸ፤ ዋጋውን ቀነሰው።
በማግሥቱ ከጉማሬው ሥዕል ሥር በቀይ ተጽፏል፦
«ጉማሬ ከዚህ ይበልጣል።»
ሐሳቡ ይሁን ፊርማው፣ እስካሁን ያከራክረናል።
ደብተሩ የወፈረው እንዲህ ነው። ወራሚት የሄደ አንድ ቅጂ
ጠፍቶ ጠፍቶ ተመለሰ፣ ስድስት ገጽ ጨምሮ፣ በማናውቀው እጅ።

አሁን ወደ ቆርኪው።
ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የአንሙት ሕግ አለ፤ አጭር ነው፦
«ጣና የወሰደውን አይመልስም።»
ሲጽፈው ቀልድ ነበር፣ ጀግና ማስፈራሪያ፤
አስረስ ሳይሞት ነዋ፣ ሐምሌ መጀመሪያ።

አስረስ፣ የባንቺአምላክ ወንድም፣ እንጨት ጭኖ በደንገል ታንኳ
ከናንተ ወደ እኛ ሲቀዝፍ፣ ነሐሴ፣ ነፋስ አገኘው።
ታንኳዋ ተገኘች ደብረ ማርያም ጥግ፤
ከሱ ግን ነጠላ ጫማ እንኳ።

አርባ ቀን ቀረች። ከዚያ መጥታ ቦታዋ ተቀመጠች፤
ቀዛፊዋን፣ የድሮ ገጸ ባሕሪዋን፣ ሠላሳ ስምንተኛዋ ደሴት ዳር አቆመች፤
«ውኃውን መጠየቅ ይቻላል?» አለች።
አንሙት ገጹን ገለጠ። አነበበ። ዘጋ።
እንደገና ገለጠ። ከሻማው ተጠጋ።
በእርሳስ ከሥሩ ጨመረ፦ «ሃያ ከወጣ ግን ይመልሳል።»

አራት ወጣላት። በሳምንቱ አሥራ አንድ። ቀጥሎ ሁለት።
ቅዳሜ በቅዳሜ፣ እስኪያልቅ ጥቅምት።

አንድ ማታ ጣሳውን ሳነሣ የከበደ መሰለኝ፤
ማንም ሳያየኝ ቆጠርኩ፤ ሃያ አንድ ሆነብኝ።
አንዱ አዲስ ነው፣ ዝገት ያልነካው፣ አረንጓዴ፤
መልሼ ከተትኩት። ምን አገባኝ፣ ዳኛ ነኝ እንዴ?
ትሁኔ ናት እላለሁ፤ ትሁኔ አንሙት ነው ትላለች፤
አንሙት በማርያም ይምላል።
ባንቺአምላክ፣ ኅዳር ሲገባ፣ አወጣች።
ዝገታሙ ይሁን አረንጓዴው አላየንም፤ በመዳፏ ጨበጠች።
«ከውኃው ወጣ» አለ አንሙት፣ ድምፁ እየሰለለ። «ምን ይላል?»
ቆየች።
«እንጨቱ ተሸጠ ወይ፣ ይላል።»

ከዚያ የሆነውን አልጽፍልህም፤ መመሪያ ውስጥ አይገባም።
አንዱን ሃያ ብትጥሉት ጨዋታው አይበላሽም፤
ግን አትጣሉት።
ገጽ ሠላሳ አንድ ከታች ባዶ ነው፤ የናንተ ሰው ካለ፣ ጻፉበት።

የጉማሬውን ማነስ ግን ይበልጣል አልተቀበለም፤
«ፔዳ በር ይምጡ» ብሏል፣ «በደብዳቤ ክርክር አይሆንም።»